አደ ሩቂያና የጥቁር አዝሙድ ዘይታቸው

ዜናውን የነገረችኝ ጸጉሯን አጥቤ ካስክ ውስጥ ላስገባት የነበረች ደንበኛ ናት። የሮቤ ሴት ናት፤ ጎባ ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ፣ በዚያው ጸጉሯን ልትሠራ እኔ ሳሎን ገባች። ልቀባት ጠርሙሱን ስከፍት ሽታውን አወቀችው።

«ይሄ የአደ ሩቂያ ዘይት ነው አይደል?» አለችኝ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ።

«አዎ፤ ከሌላ ሰው አልገዛም።»

ዞር ብላ ፊቴን አየችና፣ «አልሰማሽም ማለት ነው። ትናንት እኮ ቀበርናቸው» አለችኝ።

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። የማስታውሰው ሥራዬን አለማቋረጤን ነው። ጠብታውን መዳፌ ላይ አሽቼ ጸጉሯን ከጫፉ ጀምሬ ቀባሁ፤ በቢጎዲን ጠቀለልኩ፤ ካስኩን አወረድኩላት። እንባዬ እየወረደ እጄ ግን ሥራውን ያውቀው ነበር። ሴትዮዋ እንደወጣች ሳሎኑን ዘግቼ፣ ነጠላዬን ደርቤ፣ ወደ ሮቤ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ።

ከአደ ሩቂያ ጋር የተዋወቅነው እኔ የጸጉር ሥራ ሥልጠናዬን ጨርሼ የሚከራይ ቤት ስፈልግ ነው። ሮቤ ውስጥ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ አንዲት ሱቅ ነበረቻቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን መዋሉ ስለከበዳቸው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። መሃሉ በመጋረጃ ተከፈለ። በአንዱ በኩል የእኔ መስታወት፣ አንድ ወንበርና አንድ ካስክ ገባ፤ በሌላው በኩል የእሳቸው የዘይት መጭመቂያ ማሽን ቆመች። ማሽኗ ከልብስ ስፌት መኪና ብዙም አትበልጥም። ድምፅዋ ቤቱን ይሞላዋል፤ ዘይቱ ግን ጠብ፣ ጠብ እያለ ነው የሚወርደው።

ያኔ ስድሳን አልፈው፣ ሁሉም በኦሮምኛው የአክብሮት መጠሪያ «አደ» ይላቸው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ የማይሰሙ ሴት ነበሩ። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ዘይቱ መጥራቱን ለማወቅ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን እንደሚያፋትጉት ሁሉ፣ የሰው ወሬ ሲሰሙም እንዲሁ ያፋትጉ ነበር። የተባለው ነገር ጉድፍ ይኑረው አይኑረው በጣታቸው የሚለዩት ይመስል ነበር።

ጥቁር አዝሙዱ ከጎሮና ከጊኒር ገበሬዎች ነው የሚመጣላቸው። እሳቸው በኦሮምኛው «አበሱዳ» ነበር የሚሉት። ሌላው ሰው ለበርበሬና ለዳቦ የሚገዛውን፣ እሳቸው ሰፌድ ላይ አፍስሰው ፍሬ በፍሬ ይለቅሙታል። ጥቂቱን በጥርሳቸው ሰብረው ይቀምሱና ምላሳቸውን ካላቃጠለ አይገዙትም። ቆልተው አይጨምቁትም። «ከቆላሽው ዘይቱ ይበዛል፤ ግን ቆዳ የሚፈልገው ነገር እሳቱ ላይ ይቀራል» ይላሉ። የወጣው ዘይት ጥቂት ቀን ተቀምጦ ዝቃጩ ሲወርድ፣ ከላይ የጠራውን በነጭ ጨርቅ አጥልለው ጠቆር ባለ ጠርሙስ ይሞሉታል። ከጭመቃው የሚተርፈውን ፋጉሎ ላም ያለው ጎረቤት ይወስደዋል።

የሚመጡላቸው ሴቶች ብቻ አልነበሩም። አዝመራ ሲደርስ የስንዴ አቧራና ንፋስ ከንፈራቸውን የሰነጠቀው የኮምባይነር ሾፌሮች ይመጣሉ። በዲንሾ ብርድ ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ ጫማ ማድረግ ያቃታቸው ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ጸጉራቸው በኬሚካል የተበጣጠሰ ልጃገረዶች ይመጣሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ያበላሸኋቸው እኔው ነበርኩ፤ ከእኔ ወንበር ተነስተው መጋረጃውን ገልጠው ወደ እሳቸው ይሻገራሉ። ለሁሉም አንድ ሕግ ነበራቸው። መጀመሪያ ክንዳቸው ላይ አንድ ጠብታ ቀብተው ይሸኟቸዋል።

«ዛሬ ለክንድ፣ ነገ ለፊት» ነበር አባባላቸው።

አንዴ አንዲት ሴት ተቆጣቻቸው። «አደ፣ እኔ ከአጋርፋ ነው የመጣሁት። ነገ እንዴት አድርጌ ልመለስ?»

«ቆዳሽ አጋርፋም አብሮሽ ይገባ የለም? እዚያው ሆነሽ እዪው። ካላሳከከሽ ሰው ላኪ፣ እሰጠዋለሁ።»

ሴትዮዋ እያጉረመረመች ሄደች። በሦስተኛው ቀን እህቷን ላከች።

እኔ ራሴ ያኔ እጆቼ በኬሚካሉ፣ በሳሙናውና በብርዱ ተላልጠው፣ ማበጠሪያ ስይዝ ይደሙ ነበር። አደ ሩቂያ ይህን ያዩት አብረን መዋል በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት ነው። ምንም ሳይሉ ለብ ያለ ውሃ አመጡ፤ እጆቼን አጠቡ፤ ሳይደርቁ ጥቂት ጠብታ አፍስሰው ያሹልኝ ጀመር። እኔ ወረፋ የምትጠብቅ ደንበኛ ስለነበረችኝ ቶሎ ልላቀቅ እጄን እጎትታለሁ።

«ሱታ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ቀስ በይ ልጄ ማለታቸው ነው። «ስምሽ ትዕግስት፣ እጅሽ ጥድፊያ! ቆዳ አይቸኩልም።»

«ሲደርቅልኝ ማታ እቀባዋለሁ አደ።»

«ሲደርቅማ ምን ይረባሻል? ዘይት ውሃ አያመጣም፤ ያለውን ውሃ እንዳይሄድ ይይዛል እንጂ። በደረቁ ከቀባሽው ባዶ እንስራ መክደን ነው።»

ይህን እስከ ዛሬ ለደንበኞቼ እላለሁ፤ የራሴ አስመስዬ።

ዘይታቸውን ይወዱት ነበር፤ ግን አያሞካሹትም። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ከአዲስ አበባ ድረስ መጣ። ያማረ ወረቀት ይዟል። «በሰባት ቀን ጸጉር ያበቅላል፣ መጨማደድን ያጠፋል፣ ማዲያትን ያነሳል» የሚል ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፍ ነው። ዘይቱን ሁሉ በጅምላ ሊወስድ፣ የእሳቸውንም ፎቶ ወረቀቱ ላይ ሊያወጣ አስቧል። አደ ሩቂያ ሻይ አስመጥተውለት እስኪጨርስ አዳመጡት። ጣቶቻቸውን ሲያፋትጉ ሳይ ነገሩ እንዳልጣማቸው ገባኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ባርኔጣህን አውልቅ» አሉት።

አወለቀ። ራሱ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ በራ ነው።

«እንግዲህ ሰባት ቀን ተቀባና ተመልሰህ ና። ከበቀለልህ ፎቶዬንም፣ ዘይቱንም፣ እኔንም ውሰድ።»

ቀድሞ የሳቀው እሱ ራሱ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ እኔና ደንበኛዬ አፋችንን በፎጣ አፍነን ነበር። አደ ሩቂያ ግን እንዲያው አላሰናበቱትም፤ አስቀምጠው በቁም ነገር አስረዱት። ያለው ጸጉር እንዳይሰባበር ይረዳል፤ የደረቀ የራስ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ሸካራ ፊትን ያለዝባል፤ ከዚህ በላይ እኔ ያየሁት ነገር የለም አሉት። ሰውየው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ለሚስቱ አንድ ጠርሙስ ይዞ ሄደ።

ልጆቻቸውን ቆረቆር ይዟቸው የሚያመጡ እናቶችም ነበሩ። እነሱን አንድም ጠብታ አይሰጧቸውም። «ይሄ የሐኪም ነው፤ ሂዱ» ብለው እስከ በሩ ይሸኟቸዋል። አንዳንዷ «ዘይቱን ሰስተው ነው» እያለች ታማቸው ነበር። ሰምተዋል። ቅር አላላቸውም።

አሁን የምናገረውን ለብዙ ሰው አልነገርኩም።

በአካባቢያችን ፈቲያ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ነበረች። ጠይም፣ ፊቷ ብጉር የማያውቅ ልጅ ናት። የአጎቷ ልጅ ሠርግ ሲቃረብ ወደ እኔ መጥታ «ቀላ ማለት እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ መደርደሪያዬ ላይ ፊት የሚያቀላ ክሬም ነበረኝ። ከአንድ አዟሪ የገዛሁት ነው፤ የተጻፈበትን ቋንቋ ማንበብ አልችልም፤ ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። ስለምወዳት በትንሽ ዕቃ ቀንሼ ሰጠኋት። ክንዷ ላይ እንኳን አልሞከርኩም። በየቀኑ «ዛሬ ለክንድ፣ ነገ ለፊት» የሚለውን በመጋረጃ ማዶ እየሰማሁ አልሞከርኩም።

መጀመሪያ ቀላች። ሁሉም «አማረብሽ» አላት። ከሠርጉ በኋላ አንድ ከሰዓት ፊቷን በሻሽ ሸፍና መጣች፤ ወደ እኔ በኩል ሳይሆን ወደ አደ ሩቂያ። እኔ የአንዲት ሴት ጸጉር ይዤ ቆሜ በመጋረጃው ሰማኋቸው።

«አላህ! ምን ተቀባሽ?»

«ሳሙና ነው አደ።»

«ሳሙና እንዲህ አይልጥም። እኔን መዋሸት ትችያለሽ፤ ቆዳሽ ግን አልዋሸም።»

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ማን እንደሰጣት ጠየቋት። እኔ ከሁለት ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ነኝ፤ ድምፄንም ታውቀዋለች፤ ስሜን ግን አልጠራችም። የያዝኩት ማበጠሪያ ከእጄ ወደቀ።

«እባክዎ ዘይቱን ይስጡኝ» አለቻቸው።

«አልሰጥሽም። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ዘይት አይፈስም። ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

ማሽኗን አጥፍተው፣ ልጅቷን በጉያቸው ይዘው ወጡ። ልጅቷን እቤቷ አድርሰው ብቻቸውን ተመለሱ። መጋረጃውን ገለጡና መደርደሪያዬን አዩ።

«ማበጠሪያሽ ሲወድቅ ሰማሁ። ያ ክሬም የቱ ነው? የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ልጅቷ ምን እንደተቀባች ማየት አለባት።»

አንስቼ ሰጠኋቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮሁም። ከእኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ በፊት ተቀምጠውበት አያውቁም።

«እናቷ ልጄ ባለገች ብላ ከትምህርት ቤት አስቀርታታለች» አሉኝ። «ከየት አመጣሽው ስትላት በራሴ ገዛሁት እያለች ነው። ስምሽን አላነሳችም። ስለዚህ አንቺው ታነሺዋለሽ።»

«አደ፣ ሮቤ ትንሽ ከተማ ናት። ይሄ ከተሰማ ማን ጸጉሩን ይሰጠኛል? ሥራዬ ያልቃል።»

«ሊያልቅ ይችላል።»

አላጽናኑኝም። ድምፃቸው ግን ለሰለሰ። «አብሬሽ እሄዳለሁ። በሩ ድረስ አብሬሽ አለሁ። አፍሽን ግን አልሆንልሽም።»

በማግስቱ ሄድን። የፈቲያ እናት ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነበር። አደ ሩቂያ ሰላምታ ሰጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም፤ ብቻ ክሬሙን የሰጠኋት እኔ እንደሆንኩ፣ ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንደሰጠኋት፣ ልጅቷ እንዳልገዛችው ተናገርኩ። እናትየው እርጥብ አንሶላ በእጃቸው እንደያዙ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ውጪልኝ» አሉ። ያችን አንድ ቃል ብቻ።

እንደፈራሁት ሆነ። ደንበኞቼ ቀሩ። ወንበሬ ባዶ ሲውል አደ ሩቂያ ሰፌዱን ጭኔ ላይ ያስቀምጡልኝና «ልቀሚ» ይሉኛል። አንዳንድ ቀን ቀኑን ሙሉ ስንለቅም አንነጋገርም። አንዳንድ ቀን ስለ ልጅነታቸው፣ አጋርፋ መንገድ ላይ ስለነበረው የአባታቸው ማሳ ይነግሩኛል። ከተማውን ጥዬ ልሄድ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። ያልሄድኩት ፈቲያ ትምህርት ቤት በተመለሰች በሳምንቱ፣ ደብተሯን እንደያዘች የሱቃችን በር ላይ ስለቆመች ነው።

ሐኪሟ ያዘዘችላትን ቅባት እየተቀባች፣ ከፀሐይ እየተሸሸገች ቁስሉ ደረቀ። ብዙ ሳምንት ፈጀ። በኋላ ሐኪሟ ለድርቀቱ ቀላል ዘይት ብትቀባ ችግር የለውም ስትላት ነው አደ ሩቂያ ጠርሙሳቸውን ያነሱት። ክንዷ ላይ ሞከሩ። አንድ ቀን ሳይሆን ሦስት ቀን ጠበቁ። ከዚያ ጥቁር አዝሙዱ እንዳያቃጥላት ከሰሊጥ ዘይት ጋር አቅጥነው ለእኔ ሰጡኝ።

«አንቺ ቀቢያት።»

«እኔ? አደ፣ እኔማ...»

«እጅሽ ያበላሸውን እጅሽ ያስታምም።»

የመጀመሪያ ቀን ጣቴ ጉንጯን ሲነካ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሽፋሽፍቷ ይርገበገብ ነበር። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት፤ ከዚያ በፊት ብያት አላውቅም። «ቀስ ብለሽ ቀቢኝ ብቻ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በየቀኑ ትመጣለች። ፊቷን ለብ ባለ ውሃ ትታጠባለች፣ እኔ ሦስት ጠብታ እቀባታለሁ፣ እሳቸው ከማሽናቸው አጠገብ ሆነው ያዩናል።

አንድ ቀን ፈቲያ መስታወት እያየች «አደ፣ ይሄ ዘይትስ ያቀላኛል?» አለቻቸው።

«አያቀላሽም። የራስሽን መልክ ነው የሚመልስልሽ። ያንቺ ቀለም ምን በደለሽ?»

ፈቲያ ሳቀች። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

ቆዳዋ ለሰለሰ፣ ክሬሙ የተወባት ጥቁር ነጠብጣብም እየደበዘዘ ሄደ። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም፤ ከግራ ዓይኗ በታች ትንሽ ጥላ ቀረች። ሰው «ዘይትዎ አዳናት» ሲላቸው አደ ሩቂያ ይቆጡ ነበር። «ያዳነቻት ሐኪሟ ናት፤ ጊዜም አለበት። ዘይቱ አለሰለሰ። ከዚያ በላይ አትጨምሩበት።»

ዓመታት አለፉ። ደንበኞቼ ቀስ በቀስ ተመለሱ። መደርደሪያዬ ላይ የማላውቀው ነገር ዳግም አልተቀመጠም። ትዳር ይዤ ጎባ ስሄድ አደ ሩቂያ መጋረጃውን አውርደው አጣጥፈው ሰጡኝ። ዘይቱን በሚኒባስ ሾፌር እጅ ይልኩልኛል፤ እኔም በወር አንድ ጊዜ እሄዳለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከመሞታቸው ጥቂት ሳምንት በፊት ነው። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ማሽኗን ልጃቸው ዘይነባ ነበር የምታሠራት። አልጋቸው አጠገብ ስቀመጥ፣ «በሩን ዝጊና ጸጉሬን ሥሪልኝ» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ጠይቀውኝ አያውቁም። ሻሻቸውን ፈታሁ። ነጭ፣ ስስ፣ እስከ ትከሻቸው የሚወርድ ጸጉር ነው። ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት፤ ከራሳቸው ዘይት ጥቂት ጠብታ ወስጄ ከጫፉ ጀመርኩ። በደህናው እጃቸው የእኔን እጅ ያዙና ገልብጠው መዳፌን ዳሰሱት።

«ጋሪ» አሉ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። «አሁን አይቸኩልም።»

ሁለት ጉንጉን ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እንዳይነቁ ቀስ ብዬ ጨርሼ፣ ሻሻቸውን መልሼ አስሬላቸው ወጣሁ።

ያን የዜናውን ዕለት ሮቤ ስደርስ ግቢው በድንኳን ተሸፍኗል። ዘይነባ በሩ ላይ አገኘችኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። «ልንደውልልሽ ስልክሽን ከእናቴ ስልክ ላይ ስንፈልግ ቀብሩ ደረሰ፤ በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ እንደማይቆይ ታውቂያለሽ» አለችኝ። ሴቶቹ ወዳሉበት ክፍል አስገባችኝ። ቤቱ ሞልቷል። ነጠላዬንና አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ያዩ አንዳንድ ሴቶች ማን እንደሆንኩ ተጠያየቁ። የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለ፣ አንዲት ሴት ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። የፈቲያ እናት ናቸው። ከዚያ ከግቢያቸው ካስወጡኝ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ተቀመጥኩ።

«ያን ቀን አንቺ ስትመጪ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ልጄን ለመዳር ሰው ልኬ ነበር።»

ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ለወንድ ብላ ፊቷን አበላሸች ብዬ ነበር። ትምህርቷ አብቅቷል፣ ቶሎ ትሂድልኝ ብዬ ለሰውየው ቃል ልሰጥ አንድ ቀን ቀርቶኝ ነበር። አንቺ ስትነግሪኝ ግን ልጄ ሰው ለማዳን ብላ ዝም እንዳለች ገባኝ። ሰውየውን መልሼ ሰደድኩት። አሁን አስተማሪ ናት፤ አጋርፋ ነው ያለችው፤ ነገ ትመጣለች።»

ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግኩ።

«ሩቂያ ባገኘችኝ ቁጥር ይሄን ንገሪያት፣ አትጨክኚባት ትለኝ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ እስከ ዛሬ የዘገየሁት። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።»

«እርስዎ እኔን አፉ ይበሉኝ እንጂ» አልኳቸው።

አንዲት አሮጊት ሴት ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ መዳፉን ዘረጋ። የፈቲያ እናት ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው በግራቸው እጄን ያዙኝ። አሮጊቷ የአደ ሩቂያን ስም በጠሩ ቁጥር ጠበቅ ያደርጉኛል። ዱዓው ረጅም ነበር፤ እስኪያልቅ እጄን አልለቀቁትም። ሁሉም አሚን ሲል እኔም አሜን አልኩ።